ይሰጣል፣ ይመታል፣ ይወስዳል፦ የፀሐይ ነፋስና የጨረቃ ስስ አየር

በጁላይ 1969 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ባዝ አልድሪን ጨረቃ ላይ ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ልብስ የማስጣት ያህል ቀላል ነበር። ቀጭን ምሰሶ ተከለ፤ ምሰሶው ላይ 30 ሴንቲሜትር ስፋትና 140 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የአልሙኒየም ፎይል ዘርግቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው። የአሜሪካ ባንዲራ ገና አልተተከለም ነበር። ፎይሉ 77 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከቆየ በኋላ ተጠቅልሎ ወደ ምድር መጣ፤ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ በርን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የዮሃንስ ጋይስ ቡድን በቤተ ሙከራ ሲመረምረው ሂሊየምና ኒዮን አገኘበት። ከፀሐይ ተነሥተው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዘው ፎይሉ ውስጥ የተሰነቀሩ አቶሞች ነበሩ።

ያ ፎይል ለ77 ደቂቃ የቀመሰውን ጨረቃ ለ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስትቀምሰው ኖራለች። እሷን የሚጋርድ እንደ ምድር ያለ ወፍራም አየርም ሆነ መላ አካሏን የሚሸፍን መግነጢሳዊ ጋሻ የላትም። ነፋሱ ከፀሐይ እንደወጣ መጥቶ አፈሯን ይመታል። ታዲያ ይህ ነፋስ ለጨረቃ ስስ አየር ምኑ ነው? ያመነጨዋል? ከአፈሩ ውስጥ ያራግፈዋል? ወይስ ጠርጎ ይወስደዋል?

ከሃምሳ ዓመት በላይ የተሰበሰበው ማስረጃ ሦስቱንም እንደሚያደርግ ያሳያል። በሦስቱም ግን እኩል ብርቱ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ብዙ ትኩረት ያገኘው መቺነቱ ነበር፤ የቅርብ ዓመታት ምርምር ግን ነፋሱ ከመቺነቱ ይልቅ በሰጪነቱና በወሳጅነቱ እንደሚበረታ እያሳየ ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል።

ነፋሱና አየሩ

የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ፣ ኮሮና የሚባለው፣ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ስለሚግል በፀሐይ ስበት ታስሮ መቆየት አይችልም። ያለማቋረጥ እየተዘረገፈ ወደ ጠፈር ይፈሳል። አሜሪካዊው ዩጂን ፓርከር ይህን በ1958 በሒሳብ ሲያሳይ ጽሑፉን የገመገሙት ባለሙያዎች አልተቀበሉትም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ማሪነር 2 ወደ ቬኑስ ስትጓዝ ነፋሱ በመንገዷ ሁሉ ሲነፍስ አገኘችው።

የነፋሱ 95 ከመቶ ያህሉ ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጂን ነው። 4 ከመቶ ያህሉ የሂሊየም አዮን ሲሆን የቀረው እንደ ኦክስጅን፣ ካርቦንና ብረት ያሉ ከባድ አዮኖች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖችም አብረው ይጓዛሉ። በተለመደው ቀን ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፀሐይ ተነሥቶ ጨረቃ ዘንድ ለመድረስ ከአራት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኙት ፕሮቶኖች ከአምስት እስከ አሥር ቢሆኑ ነው። ያም ሆኖ ከፍጥነቱ የተነሣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የጨረቃ መሬት ላይ በየሰከንዱ 200 ሚሊዮን ያህል ፕሮቶን ያርፋል።

የጨረቃ አየር ደግሞ አየር ለማለት እንኳ የሚያዳግት ነው። በምድር ላይ በባሕር ጠለል አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር 25 ሚሊዮን ትሪሊዮን ያህል ሞለኪውል ይይዛል። በጨረቃ ሌሊት በዚያችው ቦታ የሚገኘው ጥቂት መቶ ሺህ አቶም ነው። የጨረቃ አየር በሙሉ ተሰብስቦ ቢጫን ከነተሳቢው ያለ አንድ የጭነት መኪና ይበቃዋል። አቶሞቹ ከመራራቃቸው የተነሣ እርስ በርስ አይጋጩም። እያንዳንዱ እንደ ፌንጣ ከአፈሩ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይዘላል። እንዲህ ያለውን ከባቢ ሊቃውንቱ ኤክሶስፌር ይሉታል።

የጨረቃን አየር ታቹ እንደተሸነቆረ እንስራ ማሰብ ይቻላል። እንስራው ውስጥ ውሃ የሚታየው ከላይ ስለሚጨመርበት ብቻ ነው፤ መጨመሩ ቢቆም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ አየር ጥናት በመሠረቱ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው።

ሰጪው

በሒሳቡ የገቢ መዝገብ ላይ የፀሐይ ነፋስ ስም ጎልቶ የሚታየው በሂሊየም መስመር ነው። የነፋሱ አዮን አፈሩን ሲመታ ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ በሚያንስ ጥልቀት ይሰነቀራል፤ እዚያም ኤሌክትሮን አግኝቶ ተራ ሂሊየም ይሆናል። የጨረቃ አፈር ዝናብ እንደጠገበ መሬት ነው። በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ሂሊየም ስለጠገበ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። የወጣው ሂሊየም ቀላል በመሆኑ በቀን ሙቀት፣ ወገብ አካባቢ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርሰው ግለት፣ ከጨረቃ ስበት አምልጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄዳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች በታውረስ ሊትሮው ሸለቆ ጋዞችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ትተው መጡ። መሣሪያው በሌሊት ሂሊየምን አገኘ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በጨረቃ ዙሪያ የምትዞረው ኤልአርኦ የተባለች መንኩራኩር ይኸንኑ ሂሊየም ከላይ ሆና አየችው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ላዲ የተባለችው የናሳ መንኩራኩር ከወገቡ በላይ ዝቅ ብላ እየዞረች ለወራት ስትለካ ነገሩ ጠራ። የነፋሱ ሂሊየም ሲጨምር የጨረቃ ሂሊየም በጥቂት ቀናት ልዩነት ይጨምራል፤ ሲቀንስም ይቀንሳል። ሆኖም ከሂሊየሙ 20 ከመቶ ያህሉ የነፋሱን መለዋወጥ አልተከተለም። ይህ ድርሻ በጨረቃ ሆድ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ሲፈራርሱ የሚወለድ፣ በስንጥቆች እየሾለከ የሚወጣ ነው። ላዲ ኒዮንንም አረጋግጣለች፤ እሱም የነፋሱ ልጅ ነው።

ሃይድሮጂን ግን ከሁሉም ይልቅ ያስገረመ ነገር ይዞ መጣ። ከነፋሱ ሃይድሮጂን ከሞላ ጎደል ሁሉም አፈሩ ውስጥ ይቀራል ተብሎ ይታመን ነበር። በኦክቶበር 2008 የተወነጨፈችው የህንዷ ቻንድራያን 1 በተሸከመችው መሣሪያ የተገኘው ውጤት ይህን እምነት ለወጠው። እስከ 20 ከመቶ የሚደርሰው ኤሌክትሮን ይዞ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ሃይድሮጂን ሆኖ ወዲያው ተነጥሮ ወደ ጠፈር ይመለሳል። የጃፓኗ ካጉያ ደግሞ ከመቶ አንድ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ፕሮቶን እንደሆነ ሳይለወጥ ተመልሶ እንደሚነጥር ለካች። በ2019 በጨረቃ ጀርባ ያረፈችው የቻይናዋ ቻንግ ኤ 4 ተሽከርካሪ በስዊድን በተሠራ መሣሪያ ይህንኑ ሙል አልባ ሃይድሮጂን ከአፈሩ ላይ ቆማ ለካችው።

አፈሩ ውስጥ የቀረው ሃይድሮጂንም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከፊሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሃይድሮጂን ጋዝ በመሆን ይወጣል። ከፊሉ ደግሞ በማዕድናቱ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይጣመራል። በ2009 ቻንድራያን 1፣ ካሲኒና ዲፕ ኢምፓክት የተባሉት ሦስት መንኩራኩሮች በጨረቃ ፊት ላይ የውሃና የሃይድሮክሲል ምልክት ማግኘታቸው ሲገለጽ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ጣታቸውን ወደ ነፋሱ ቀሰሩ። ቻንግ ኤ 5 በዲሴምበር 2020 ካመጣችው 1.7 ኪሎ ግራም ናሙና ውስጥ የተገኙ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብሎች በ2023 ሲመረመሩም ከፀሐይ ነፋስ የመጣ ውሃ ተከማችቶባቸው ተገኘ። ፀሐይ የምትልከው ሃይድሮጂን ነው፤ ኦክስጅኑን የምታዋጣው ጨረቃ ናት። ውሃው የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው።

መቺው

ክርክሩ የከረረው በዚህኛው ሚና ላይ ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የሚበር አዮን ማዕድን ሲመታ ከማዕድኑ አቶሞችን ፈንቅሎ የማስፈንጠር አቅም አለው። በ1988 አንድሪው ፖተርና ቶማስ ሞርጋን በምድር ላይ ባለ ቴሌስኮፕ በጨረቃ ዙሪያ ሶዲየምና ፖታሺየም አገኙ። እነዚህ ከነፋሱ ሊመጡ አይችሉም፤ ከአፈሩ የወጡ ናቸው። ማን አወጣቸው? ሦስት ተጠርጣሪዎች ነበሩ፦ የፀሐይ ነፋስ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ከጠፈር እየተወረወሩ የሚወድቁ ደቃቅ ጠጠሮች።

ነፋሱን ነጥሎ ለመፈተን ተፈጥሮ ራሷ መንገድ አዘጋጅታለች። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ጊዜ፣ በየወሩ ለአምስትና ለስድስት ቀን ያህል፣ ከምድር በስተጀርባ በተዘረጋው የምድር መግነጢሳዊ ጅራት ውስጥ ታልፋለች። ያኔ ነፋሱ በአብዛኛው አይደርስባትም። ማይክል ሜንዲሎና ጄፍሪ ባምጋርድነር በኖቬምበር 1993 በተከሰተው የጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ይህን ተጠቀሙበት። የጨረቃ ብርሃን ስለተጋረደ ደካማውን የሶዲየም ብልጭታ ማየት ቻሉ፤ የሶዲየሙም ደመና ከጨረቃ ርቆ እስከ ዘጠኝ የጨረቃ ሬዲየስ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ነፋሱ ተዘግቶ ሳለ ደመናው ከነስፋቱ አለ። ተመራማሪዎቹም የሶዲየሙ ዋና አውጪ ነፋሱ ሳይሆን የፀሐይ ብርሃን ነው ብለው ደመደሙ።

የጠጠሮቹም ድርሻ ቀስ በቀስ ታወቀ። በኖቬምበር 1998 የሊዮኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ከዘነቡ በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሌሊት ሰማይ ላይ፣ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል፣ ለዓይን የማይታይ የብርሃን ነጥብ በካሜራቸው ያዙ። ያ ነጥብ የጨረቃ ጅራት ነበር። ከጨረቃ የወጣውን ሶዲየም የፀሐይ ብርሃን ገፍቶ እንደ ኮሜት ጅራት ይጎትተዋል፤ ጨረቃ ጠፍታ አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ጅራቱ ወደ ምድር ይዞራል፣ የምድርም ስበት ይሰበስበዋል። ላዲም ብትሆን የጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት በወረዱበት ሰሞን ፖታሺየም ሲጨምር ለካች።

ከዚያ ሁለት ምርምሮች ተከታትለው መጡ። በ2024 በኒኮል ኒ የተመራ ቡድን ከአፖሎ የመጡ የአፈር ናሙናዎችን ወስዶ የፖታሺየምና የሩቢዲየም አይሶቶፖችን መዘነ። የጠጠር ግጭት የሚያተነው ፖታሺየምና ነፋስ የሚፈነቅለው ፖታሺየም በአፈሩ ላይ የሚተዉት አሻራ ይለያያል። አሻራው ሲነበብ ከእነዚህ ሁለት ምክንያቶች በረጅሙ የጨረቃ ዕድሜ ቢያንስ 70 ከመቶው ሥራ የጠጠሮቹ፣ 30 ከመቶው ወይም ከዚያ በታች የሆነው የነፋሱ ሆኖ ተገኘ።

በ2025 ደግሞ የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፖሎ 16 ያመጣውን እውነተኛ የጨረቃ አፈር በቤተ ሙከራ አዮን አወረዱበት። የተፈነቀለው መጠን ቀድሞ በስሌት ከተገመተው እስከ አሥር እጥፍ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት ክረምት ላይ በረዶ ሲወርድ ማየት ይበቃል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የወደቀ በረዶ እየነጠረ ይበተናል፤ በለሰለሰ የታረሰ መሬት ላይ የወደቀው ግን ዘልቆ ይቀራል። የቀድሞ ስሌቶች የጨረቃን ፊት እንደ ቆርቆሮው ልሙጥና ጠፍጣፋ አድርገው ነበር የሚያስቡት። እውነተኛው አፈር ግን ክፍተት የበዛበት የዱቄት ክምር ነው፤ ከአንዷ ቅንጣት የተፈነቀለው አቶም ሳይርቅ ከጎረቤቷ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ነፋሱ መምታት አቁሟል ማለት አይደለም። በሜይ 2024 ከፀሐይ የተወረወሩ ታላላቅ የፕላዝማ ደመናዎች በተከታታይ ደረሱ። የህንዷ ቻንድራያን 2 በጨረቃ ቀን በኩል የከባቢው ግፊት ከተለመደው በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሲጨምር ለካች። በአዘቦት ቀን ደካማ የሚመስለው መቺ ፀሐይ ስትቆጣ ክንዱ ይበረታል። እኔ ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ አይመስሉኝም፤ አንዱ የዘመናት አማካይ ነው፣ ሌላው የአንድ ሰሞን ማዕበል።

ጠጠሮቹና ነፋሱም ተፎካካሪዎች ብቻ አይደሉም። ጠጠሮቹ ሲወድቁ አፈሩን ገበሬ እንደሚያርሰው ይገለብጡታል፤ ነፋስ ያልነካው አፈር ወደ ላይ ይወጣል፣ የጠገበው ወደ ታች ይቀበራል። ባይታረስ ኖሮ ነፋሱ የሚያገኘው ያንኑ ያረጀ ፊት በሆነ ነበር።

ወሳጁ

የጨረቃ አቶም በስበት ብቻ ተይዞ እስካለ ድረስ ይዘላል፣ ይወድቃል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከነጠቀው ግን ሙል የተሸከመ አዮን ይሆናል፤ ያኔ ከነፋሱ ጋር ዝምድና ይፈጥራል። የፀሐይ ነፋስ መግነጢሳዊ መስክን ጠቅልሎ ስለሚጓዝ፣ ቆሞ የነበረውን አዮን ኤሌክትሪካዊ ኃይል አንሥቶ ይዞት ይሄዳል። አውድማ ላይ መንሽ የያዘ ገበሬ እህሉን ወደ ላይ ሲወረውረው ነፋስ ገለባውን እንደሚወስደው ነው። ልዩነቱ ይህኛው ነፋስ ክብደትን አይመርጥም፤ ሙል የያዘውን ሁሉ ይወስዳል። እንደ አርጎን ያሉ ከባድ አቶሞች በሙቀት ብቻ ከጨረቃ ማምለጥ ስለማይችሉ ዋናው የመውጫ በራቸው ይኸው ነው። ካጉያና ከ2011 ጀምሮ በጨረቃ ዙሪያ የሚዞሩት የአርተሚስ መንትያ መንኩራኩሮች እነዚህን ተሳፋሪ አዮኖች በመንገዳቸው ላይ አግኝተው ለክተዋቸዋል።

ወሳጁ ግን ያነሣውን ሁሉ ይዞ አይሄድም። ይህን ያስረዳው የአርጎን ታሪክ ነው። አርጎን 40 የሚወለደው በጨረቃ ሆድ ውስጥ ያለው ፖታሺየም 40 ሲፈራርስ ነው። የአፖሎ 17 መሣሪያ ኑሮውን በቅርብ አይቶታል። በጨረቃ ሌሊት፣ ሁለት ሳምንት በሚዘልቀው ብርድ፣ አርጎን እንደ ጤዛ አፈሩ ላይ ያርፋል። ጎህ ሊቀድ ሲል መጠኑ በድንገት ያሻቅባል፤ ንጋቱ ከወዲያኛው የሞቀ አፈር የለቀቀውን አርጎን እየገፋ ይመጣልና።

የመጀመሪያዎቹ የአፖሎ ናሙናዎች ሲመረመሩ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ በውስጣቸው ካለው ፖታሺየም ሊወለድ ከሚችለው በላይ የሆነ አርጎን 40 ተገኘ። «ወላጅ የለሽ አርጎን» ተባለ። በ1970 ሮበርት ማንካና ከርቲስ ሚሼል መፍትሔ አቀረቡ፦ አርጎኑ ከጨረቃ ሆድ ወጥቶ አየሩን ተቀላቀለ፣ ብርሃን አዮን አደረገው፣ ነፋሱ አነሣው። የተነሣውም ሁሉ አልሄደም፤ ጉዞው ወደ ጨረቃ አቅጣጫ የሆነበት ተመልሶ አፈሩ ውስጥ ተሰነቀረ። ነፋሱ የወሰደውን መልሶ ሰጠ ማለት ነው። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ ያምራል፤ አንድ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት ላይ የጨረቃ ሆድ፣ የጨረቃ አየርና የፀሐይ ነፋስ ፊርማቸውን በአንድነት አኑረዋል።

መከታዎቹ

ነፋሱ በጨረቃ ላይ ሁሉ እኩል አይነፍስም። ከጨረቃ በስተጀርባ በኩል ነፋሱ የማይደርስበት ባዶ ጥላ ይፈጠራል። የምድር መግነጢሳዊ ጅራትም በየወሩ ይጋርዳታል። በ2012 ኤልአርኦ እንዳየችው ጨረቃ በዚህ ጅራት ውስጥ ስታልፍ ሂሊየሟ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንስራው መጨመር ሲያቆሙበት እንደሚጎድል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ሌላው መከታ የጨረቃ የራሷ ነው። እንደ ራይነር ጋማ ባሉ ቦታዎች ዓለቱ ውስጥ የቀረ ጥንታዊ መግነጢስ አለ። በ2010 እንደተገለጸው ቻንድራያን 1 በጨረቃ ጀርባ፣ ጌራሲሞቪች በሚባለው አካባቢ፣ 360 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ መግነጢሳዊ ጋሻ ነፋሱን ከፊል ገፍቶ ሲመልሰው ደረሰችበት። ራይነር ጋማን በአነስተኛ ቴሌስኮፕ የተመለከተ ሰው በጠቆረው ሜዳ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት የነጣ ጠመዝማዛ ምልክት ያያል። የንጣቱ አንዱ ማብራሪያ ነፋሱ ያንን አፈር እንደ ጎረቤቱ አለማጥቆሩ ነው።

የምድር ጅራት መከታ ግን የራሱን ስጦታ ያመጣል። ካጉያ ባደረገችው ልኬት መሠረት በ2017 እንደተገለጸው፣ ጨረቃ በምድር ጅራት ውስጥ ሳለች ከምድር አየር ያመለጡ የኦክስጅን አዮኖች ይደርሷታል። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ በጅራቱ ውስጥ ነፋሱ ተጋርዶም በጨረቃ ፊት ላይ ውሃ መፈጠሩ እንደማይቆም አሳይቷል፤ በጅራቱ ውስጥ ያሉ ብርቱ ኤሌክትሮኖች እጃቸው እንዳለበት ይታሰባል። ሙሉ ጨረቃ ስናይ ራሳችን የምንተነፍሰው አየር ትንሽ ድርሻ ወደዚያ እየሄደ ነው።

ሒሳቡ ሲደመር

እንግዲህ ሚናዎቹ ተለይተዋል። በሂሊየምና በኒዮን፣ በሃይድሮጂንና ከእሱ በሚወለደው ውሃ ነፋሱ ዋና ሰጪ ነው። በሶዲየምና በፖታሺየም ከብርሃኑና ከጠጠሮቹ ኋላ የቆመ መቺ ነው፤ በማዕበል ጊዜ ብቻ ይበረታል። በከባዶቹ ጋዞች ላይ ደግሞ ዋና ወሳጅ ነው። አንድ ነፋስ ለሁሉም ጋዝ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በጉዳዩ ላይ የተነሡት ብዙ አለመግባባቶች የመጡትም ለአንዱ ጋዝ እውነት የሆነውን ለሁሉም ከማድረግ ይመስለኛል።

ይህን ሒሳብ በጥንቃቄ መያዝ የሚገባን ሌላ ምክንያትም አለ። እያንዳንዱ የአፖሎ ማረፊያ ቶኖች የሚመዝን የሞተር ጭስ ጨረቃ ላይ ለቋል፤ ይህ መጠን ከጨረቃ የራሷ አየር ጋር የሚፎካከር ነው። የአፖሎ 14 የግፊት መለኪያ ጠፈርተኛ በቀረበው ቁጥር ንባቡ ከልኩ ያልፍ ነበር። ሂሊየምን ያገኘው፣ የአርጎንን ጎህ ያየው የአፖሎ 17 መሣሪያም የሠራው በሌሊት ብቻ ነው። ቀን ላይ እዚያው ከተተዉት ዕቃዎች የሚወጣው ጋዝ ንባቡን ሁሉ ያጥለቀልቀው ነበር። የፀሐይ ነፋስ ግን የሚነፍሰው በቀኑ በኩል ነው። ለማየት የሄድንበት ጎን በራሳችን ትንፋሽ ተጋረደ።

አሁን ብዙ አገሮች ወደ ጨረቃ ለመመለስ ተነሥተዋል። መሣሪያ የሚተክሉ ሁሉ አስቀድመው፣ ሞተሮች ሳይበዙ፣ ከማረፊያዎች ርቀው በቀኑ በኩል ይለኩ ዘንድ ይገባል። ያን ጊዜ የጨረቃን አየር እንደነበረ እናየዋለን፤ ካለፈ ግን የምንለካው የራሳችንን ጭስ ይሆናል።